የትርንጎ ቃላት

ደምመላሽን ስትሮክ መትቶት አንደበቱ ከተዘጋ ወዲህ፣ ሚስቱ ትርንጎ በየማክሰኞው አብራው ክሊኒክ እየሄደች ከራሷ ቃላት ታካፍለዋለች። የሰጠችው ቃል ከእሷ ይጠፋል፤ የትኛው እንደሚሄድ አስቀድሞ አይታወቅም።

ዛሬ ስድስተኛው ማክሰኞ ነው። ትርንጎ ሽሮውን እያማሰለች ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

«ደሜ፣ ያንን ነጩን አቀብለኝ፤ ወጥ ውስጥ የሚጨመረውን» አለችው።

«ጨው» አለ ደስ ብሎት። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ።

ልጃቸው ከሐዋሳ ደወለች። ትርንጎ ስልኩን አንስታ፣ «አቤት የኔ... የኔ...» ብላ ቀረች።

«እማዬ፣ ስሜ ጠፋብሽ እንዴ?»

ደምመላሽ ስልኩን ተቀበላት። «ውቢት» አለ። ከታመመ ጀምሮ ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር፤ ልጅቱ አለቀሰች።

ስልኩ ሲዘጋ ትርንጎ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ጋ ቆማለች። «ተነስ እንጂ፣ ረፈደብን!»

«አልሄድም።»

«ገና ስንት ቃል ይቀርሃል እኮ!»

«ይቅርብኝ።» እጇን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጣት። «ውቢት። እስቲ በይ።»

ትርንጎ ከንፈሩን እያየች «ው...» አለች። ከዚያ በላይ አልመጣላትም። ደምመላሽ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ቀስ አድርጎ፣ እንደገና ነገራት።