የምላስ ጾም

ልጅቷ የመስታወቱን በር ገፍታ ስትገባ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። የእናቷን ደጅ ከረገጠች ዓመት አልፏታል። ሆዷ ገፍቷል፤ ሰባት ወር ቢሆናት ነው። ጥግ ላይ ቀሚሷን የምትጠብቀው ጎረቤት ጆሮዋን ቀሰረች።

«እማዬ፣ ለጠብ አልመጣሁም» አለች ልጅቷ እንደቆመች። «ያንን ቃልሽን አንሺልኝ ብዬ ነው።»

ያ ቃል «ወልደሽ አትሳሚ!» የሚል ነበር። እናት ለልጇ! ሳታስፈቅደኝ አገባች ብላ ነው። ከእርግማኑ በሦስተኛው ወር የልጅቷ የመጀመሪያ ፅንስ ወረደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ልብስ ሰፊዋ ብታለቅስም ብትናዘዝም አልቀለላትም። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ ያንን ምላሷን ልትቀጣው፣ እስከ ፋሲካ አንድ ቃል ላትተነፍስ ለእግዚአብሔር ተሳለች። ጸሎቷን እንኳ በልቧ ነው የምታደርሰው። ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ያቺ ምላሰኛ ዝም አለች ተብሎ ሰፈሩ ጉድ ብሏል።

«ነገ ሆስፒታል ልተኛ ነው። ግፊቴ ከፍ ብሏል አሉኝ። ፈርቻለሁ፣ እማዬ። ወልደሽ ሳሚ በይኝና ልሂድ። ሁለት ቃል ናት።»

ቃሉ የልብስ ሰፊዋ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ሠላሳ ስምንት ቀን! አሁን ብትናገር ያ ሁሉ ልፋት ገደል መግባቱ ነው። ጌታዬ፣ አንተው ንገርልኝ፣ ስትል በልቧ ለመነች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ከዚያም ወደ ሰማይ ጠቆመች።

ልጅቷ የተቀሰረውን ጣት ትክ ብላ አየችው።

«ለካ ዝም ማለት ትችያለሽ» አለች። «ምናለ ያን ዕለት ለእኔ ዝም ብትዪልኝ ኖሮ!»

ፊቷን አዙራ ወጣች።

«እሰይ!» አለች ጎረቤቲቱ፣ በሩ ገጠም ከማለቱ። «የወለድሻት እንኳ አላናወጠችሽም! እኔ ብሆን አንድ ቀን አልውልም። አንቺስ በእውነት ጸደቅሽ!»

ልብስ ሰፊዋን ደስ አላት። ደስ ማለቷ ራሷን አስደነገጣት፤ ከንፈሯ ግን ቀድሟት ፈገግ ብሎ ነበር።

ልጅቷ ገና አልሄደችም። ትጠራኝ ይሆናል ብላ ነው መሰል፣ ከመስታወቱ በር ውጭ ዞር ብላ ቆማለች። ያየችውም ያንን ፈገግታ ነው።