ከግድግዳው ማዶ

«ለማየት ብቻ ነው እማዬ፤ ካልወደድሽው እንመለሳለን» ብሎ ነው ልጄ ኒቆዲሞስ ያመጣኝ። የቤትሽ ደረጃ አንድ ቀን ይጥልሻል እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሟል። ሸዋ በር ገበያ ላይ መኪናውን አቁሞ የምወደውን ፍሬ፣ ዘይቱን፣ ሲገዛልኝ መጠርጠር ነበረብኝ። በደህና ቀን ገዝቶልኝ አያውቅም።

የአረጋውያን መኖሪያው ንጹሕ ነው፤ እንከን አይወጣለትም፣ ለሚወደው ሰው። ነጭ ጋወን የለበሰች ልጅ ክፍሉን አሳየችንና ወጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኒቆዲሞስ ስልኩን ይነካካል።

ያኔ ከግድግዳው ማዶ የራሱን ድምፅ ሰማሁ። «ለማየት ብቻ ነው እማዬ፤ ካልወደድሽው እንመለሳለን» ይላል። ዞሬ አየሁት፤ አፉ ግጥም ብሏል።

«እዚያ ማን አለ?» አልኩት።

«ባዶ ክፍል ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ድምፁ ግን ቀጠለ። «እማዬ፣ ውሃ ገዝቼ ልምጣ» አለ። በር ተዘጋ። መኪና ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማኝ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት «ጋሻዬ! ኧረ ጋሻዬ!» እያለች በሩን ትደበድብ ጀመር። ልጄን ጋሻዬ ብዬ የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ። ድምፁም የእኔው ነበር።

በመስኮት ተመለከትኩ። መኪናችን ከቆመበት አልተነቃነቀም። የልጄን እጅ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። እሱ ግን ጣቶቼን ቀስ አድርጎ አንድ በአንድ አላቀቀና ተነሣ።

«እማዬ» አለኝ፣ «ውሃ ገዝቼ ልምጣ።»