የኩሬው በላተኞች

ለቆዳ ፋብሪካው፣ የፍሳሹን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ኩሬ ውስጥ የማረባው እኔ ነበርኩ። «በላተኞችሽ ሳይቀምሱት ጠብታ ፍሳሽ ወንዝ አይገባም» ይለኝ ነበር ሥራ አስኪያጁ፣ እንግዳ ፊት አቁሞ እያሞገሰኝ።

እኔ ሞኟ ይህንኑ አምኜ፣ ወንዝ ዳር የምትኖረውን አክስቴን «እናቴ ትሙት፣ ውሃው ንጹሕ ነው፤ ላሞችሽን አጠጪ» አልኳት።

ላሞቹ አለቁ። አክስቴ፣ «በእህቴ ነፍስ በውሸት ትምያለሽ?» ብላ በሯን ዘጋችብኝ።

በዚያው ሰሞን ባክቴሪያዎቼም ሞቱ። መርዙ በርትቶባቸው ነው ብዬ፣ ከኩሬው ውሃ ቀድቼ ዩኒቨርሲቲ ላስተማሩኝ ለዶክተር ኅሩይ ወሰድኩላቸው። መርምረው ቀና አሉ።

«ይሄ ውሃ መርዝ ነክቶት አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ገደላቸው?»

«ረሃብ።»