ወላጅ አምጣ

ዛሬ ትምህርት ቤቱ፣ ግዳጅ ላይ በተሰዋው የቀድሞ ተማሪው በሃምሳ አለቃ ታረቀኝ ስም ሊሰየም ነው። ርዕሰ መምህሩ አዲስ ከረባት አስሯል፤ ማይኩ ከሱ በላይ ይጮኻል።

«ታረቀኝ ከልጅነቱ ጀምሮ ጨዋና ታዛዥ ነበር!» ሲል፣ አብሮ አደጎቹ ከኋላ ተያይተው ሳቃቸውን አፈኑ።

ሪባኑን እንድትቆርጥ እናቱ ተጠራች። መቀሱን ሳትቀበል፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ወረቀት ፈትታ ሰጠችው።

«ሻንጣው ከጦሩ ሲመጣልኝ ነው ውስጡ ያገኘሁት» አለች።

ርዕሰ መምህሩ የገዛ ፊርማውን አወቀ። «መስኮት ስለሰበረ ወላጅ ካላመጣ እንዳይገባ» ይላል።

«እኔን መቼ ነገረኝ! ይኸው፣ መጥቻለሁ» አለች እናት። «ልጄ አሁን ይግባ?»