የእንጨት ወለል

ደብዳቤውን ልፈርም እስክሪብቶ ሳነሳ የማተሚያ ቤታችን ጠበቃ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ትንሽ ይታገሡኝ፤ ፋይላቸውን አይቼ ልጨርስ» አለች።

ደብዳቤው የእትዬ መርፌ ስንብት ነው። በአባቴ ማተሚያ ቤት፣ ጥረዛ ክፍል ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ሰፍተዋል፤ ስሙን ያወጣላቸውም ሥራቸው ነው። በሰባት ዓመታቸው የያዛቸው ትኩሳት ጆሯቸውን ይዞባቸው ሄደ። የሚያናግራቸውን ሰው ከንፈር እያዩ ያነባሉ፤ ሲመልሱም ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ ከፍ ዝቅ የማይል ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። ሁለቱ «ሲጠሩ አይመጡም» ይላሉ። ሦስተኛው የባለፈው ወር ነው። ወረቀት የጫነ ጋሪ ከኋላቸው ሲመጣ ገፊው ዞር በሉ ቢል፣ ቢጮህ፣ ንቅንቅ አላሉም። ለጥቂት ነው የተረፉት። የክፍሉ አለቃ «ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት» አለኝ። ደብዳቤውን ሳስጽፍ ለእሳቸው ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

አስጠርቻቸው ስለነበር በሩን ከፍተው ገቡ። ሽርጣቸው ላይ የክር ቁራጭ ተጣብቋል።

«አቤት፣ ማሙሽ» አሉኝ።

እዚህ ቤት ማሙሽ የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር የስድስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ጥረዛው ጠረጴዛ ስር እተኛ ነበር፤ ከላይ የሙጫ ሽታ፣ ከአጠገቤ የእትዬ መርፌ እግር፣ ከስሬ ማሽኑ ሲዞር የሚንቀጠቀጠው ሞቅ ያለ ጣውላ።

ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ። ጠበቃዋ በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ሌላ አቃፊ አውጥታ በእትዬ መርፌ ኋላ ስትመጣ፣ ገና ሳትደርስባቸው ዞር ብለው መንገድ ለቀቁላት።

ጠበቃዋ ባለችበት ቆመች። «እንዴት አወቁ?»

እትዬ መርፌ በጫማቸው ጫፍ ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «እንጨት ነዋ። ይነግረኛል።»

ከቤቱ ሁሉ እንጨት የቀረው ይህ ክፍል ብቻ ነው። ሌላውን አስነቅዬ ሲሚንቶ ሳስፈስስ፣ የአባቴ ቢሮ ነው፣ ለትዝታ ይቅር ብዬ ነበር።

በአባቴ ጊዜ እትዬ መርፌን በአፉ የሚጠራ ሰው አልነበረም። አባቴ ከደጃፉ ሆኖ ወለሉን ሁለቴ ሲረግጥ ቀና ይላሉ። ጋሪ የሚገፋውም አስቀድሞ ይረግጥ ነበር። ሰዉ ሁሉ ከመልመዱ የተነሳ፣ «ቤታችን ስንገባም ሚስቶቻችንን በእርግጫ መጥራት ጀምረናል» እየተባለ ይሳቅ ነበር። እኔም ጠረጴዛው ስር በተረከዜ ስመታ፣ ጎንበስ ብለው ያዩኝና ምላሳቸውን አውጥተው ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ። ይህ ግን የትም አልተጻፈም። አባቴ ሲሞት ቁልፉንና ማህተሙን ተረከብኩ፤ ስለ ወለሉ የነገረኝ የለም፤ እኔም እንደ ልጅነት ጨዋታ ረስቼው ነበር።

«ሲሚንቶው መቼ ፈሰሰ?» አለች ጠበቃዋ።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል።»

የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ቀን አየች፤ ከሲሚንቶው በኋላ ነው። ከዚያ ከአቃፊው ግማሽ ሉክ ወረቀት መዝዛ ፊቴ አኖረች። በደንብ በተለቀመ የእጅ ጽሑፍ፣ «ከማሽኑ እስከ ጠረጴዛዬ ጣውላ ይነጠፍልኝ። ካልሆነም ብልጭ እያለ የሚጠራኝ መብራት ይደረግልኝ» ይላል። ከግርጌው «ታይቷል፤ ከፋይል ይያያዝ» ተብሎበታል። የዚህኛው እጅ ጽሑፍም ፊርማውም የኔ ነው። ማየቴን እንኳ አላስታውስም።

«እሳቸው ጠየቁ፤ እርስዎ አልመለሱላቸውም» አለች ጠበቃዋ። «ቀጥሎ አልሰሙም ብለው ቀጧቸው። አሁን ደግሞ ለደህንነታቸው ብለው ሊያሰናብቷቸው ነው። ዳኛ ፊት ይሄ ጆሯቸው አይሰማም ብሎ ማባረር ነው የሚባለው። ሌላ ስም የለውም።»

እትዬ መርፌ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብዳቤ እያዩ ነበር። ጽሑፉ የዞረው ወደ እኔ ነው፤ ግን ሠላሳ ዓመት ገጽ ሲያስተካክል የኖረ ሰው የተገለበጠ ጽሑፍ አያቅተውም።

«የስንብት ነው?» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነው።

«ነበር» አልኳቸው። «እትዬ፣ መጥተው ቢነግሩኝ ምናለ?»

«ጽፌልሃለሁ እኮ። አባትህ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ ነበር። አንተ ዝም ስትል ሥራ በዝቶበታል ብዬ ተውኩት።»

አንገቴን ልደፋ አልኩና ተውኩት፤ አንገቴን ከደፋሁ አያነቡኝም። ቀና እንዳልኩ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ይሁን ወይ ሰምቻለሁ፣ አልለየሁም። ደብዳቤውን ለጠበቃዋ መልሼ ወንበር ሳብኩላቸው። ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብኩ። «የሚያስፈልግዎትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ዛሬውኑ አናጢ አስጠራለሁ።»

መነጽራቸውን ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው አጠለቁ። መጀመሪያ ጣውላውን ጻፉ፤ ቀጥሎ መብራቱን። ጨረሱ ብዬ እጄን ስዘረጋ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ማጠፊያው ጋ ያለችው ነፍሰ ጡር ናት፤ እግሯ ያብጣል። ወንበር ይሰጣት» ብለው ጻፉ። ከሥሩ፣ «መቁረጫው ላይ ብርሃን ይጨመር። ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።»

ጠበቃዋ አብራኝ ታነባለች። እትዬ መርፌ ሳይቸኩሉ፣ ፊደሉን እየለቀሙ፣ አንዳንዴ ቆም ብለው ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ የሚያስቡ እየመሰሉ ጻፉ። ገጹ ሲሞላ ገለበጡት። ጀርባውም ሞላ።

ቀና ብለው አዩኝ። ሌላ ወረቀት አቀበልኳቸው።