ልብስ ሰፊው በልጁ አልጋ

«አባዬ፣ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ለምን አይገባም?» አለች የታመመችው ልጁ። ልብስ ሰፊው ዞሮ ቢያይ ማንም የለም። እናቱ በሕይወት ሳሉ፣ መልአከ ሞት ፊት አይለይም፣ ሰውን የሚያውቀው በአልጋውና በልብሱ ነው ይሉ ነበር። ልጁን አቅፎ አነሳና ስፌት መኪናው ፊት አስቀመጣት። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ አንገቷ ላይ አደረገላት። ከዚያ ሻሿን ራሱ ላይ አስሮ አልጋዋ ውስጥ ገባ።

ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ሙሽራ መሰልክ እኮ።»

«ዝም ብለሽ መኪናውን እርገጪ። ሥራ ላይ ያለሁ ይምሰለው።»

«የመጣው ለአንተ ቢሆንስ?»

«ለእኔማ ቢሆን ድሮ ይገባ ነበር። ምን ያስፈራዋል?»

መኪናው ቀስ እያለ መንኳኳት ጀመረ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ጨፈነ። ትራሱ ከትኩሳቷ የተነሳ ገና ይሞቅ ነበር።

«ገባ» አለች ልጅቷ በቀስታ።

እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ጠበቀ። መኪናው ቆመ።

«እርገጪ እንጂ ልጄ» አለ። መኪናው እንደቆመ ቀረ። ለመዞር አልደፈረም። ሻሹን ወደ ዓይኑ ሳብ አድርጎ፣ ለእሷ ሳይሆን ለገባው፣ «እዚህ ነኝ እኮ» አለ፤ «አልጋው ላይ ነኝ።»