የሎሚ ጠብታ

«ማነው ያሰለፋቸው?» አለች ተማሪዋ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። ውሃው ውስጥ የተጨመሩት የስብ አሲድ ቅንጣቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ክብ ግድግዳ ሠርተዋል። መሃሉ ላይ ቀይ ቀለም ታስሯል።

«ማንም አላሰለፋቸውም። ጭራቸው ውሃ ስለሚጠላ ራሳቸው ይሰባሰባሉ» አለች አስተማሪዋ።

«ቀለሙስ በምን ይወጣል?»

አስተማሪዋ አንድ ጠብታ ሎሚ ጨመረችበት። ግድግዳው ፈረሰ፤ ቀለሙም ወጣ።

አስተማሪዋ ከሥራ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ሳሎኑ በሽማግሌዎች ተሞልቷል። ፍቺ መጠየቋን የሰማው ባሏ ነው ያመጣቸው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ከበቧት።

«ልጄ፣ ታረቂው። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ አቶ ደምመላሽ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። እናቷ ሳይቀሩ አብረው ቆመዋል። ባሏ በሩን በጀርባው ዘግቶ አንገቱን ደፍቷል።

እንደሚደበድባት ነገረቻቸው። «እውነትሽን ነው» አሉ፤ ግን ማንም ንቅንቅ አላለም። አንዱ ለምኖ ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል። መሸ። የሽማግሌዎቹ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ክቡ ግን አልላላም።

«እሺ» አለች በመጨረሻ።

እናቷ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ እያቃሰቱ ወደየወንበሩ ተበተኑ። ባሏም በሩን ለቆ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

የግቢው በር ሲዘጋ ተሰማ።

«የት ሄደች?» አሉ እናቷ።

«ለእኛ የሚቀመስ ልትገዛ ነዋ!» አሉ አቶ ደምመላሽ፣ እግራቸውን እየዘረጉ። «ኧረ አትቸገሪ በሏት!»